አብሮት የመጣው ማን ነው? የበሽታ ምክንያት ፍለጋና የአደናጋሪው ታሪክ

ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ የበቆሎ እሸት ይደርሳል። ልጆች እሸቱን ጠብሰው ይግጣሉ፤ አገዳውን ይመጥጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ወባው ይገባል፤ አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላውን ላብ ያጠምቀዋል። በብዙ የቆላና የወይና ደጋ አካባቢዎች ሰዎች ይህን ዓመት በዓመት እያዩ «ወባን የሚያመጣው እሸት ነው» ይሉ ነበር። ዓይናቸው አልዋሻቸውም፤ እሸትና ወባ በእርግጥም አብረው ይመጣሉ። ነገር ግን ከሁለቱ ኋላ ሦስተኛ ቆሟል፤ ዝናቡ። በቆሎውን ያበቀለው ዝናብ ጎድጓዳውን ሁሉ ሞልቶ ለወባ ትንኝ መራቢያ ኩሬ ያበጃል። እሸት የበላውንም ያልበላውንም የምትነድፈው ያችው ትንኝ ናት።

ይህ ከኋላ የሚቆም ሦስተኛ ነገር በበሽታ ሥርጭት ጥናት፣ በኤፒዲሚዮሎጂ፣ የታወቀ ስም አለው። የጤና ባለሙያዎቻችን «ኮንፋውንደር» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ «አደናጋሪ» እለዋለሁ። የቃሉ የላቲን ሥር አንድ ላይ መቅዳት፣ መደባለቅ ማለት ነው፤ ወተትና ውሃ አንድ ዕቃ ውስጥ ከተቀዱ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ በዓይን አይለይም። አንድ ነገር አደናጋሪ የሚሆነው ከምንጠረጥረው ነገር ጋር አብሮ ሲጓዝ፣ በሽታውንም በራሱ መንገድ ሲያመጣ ነው። በተጠርጣሪውና በበሽታው መካከል መሸጋገሪያ ከሆነ ግን አደናጋሪ አይባልም። ጨው የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ልብን ቢጎዳ፣ ግፊቱ ጨው የሄደበት መንገድ እንጂ አደናጋሪ አይደለም።

አደናጋሪውን የማጥሪያው ዘዴ ከ270 በሚበልጡ ዓመታት ከመርከብ ጓዳ ተነሥቶ እስከ ዘረመል ምርመራ ደርሷል። ስሌቱም እየረቀቀ ሄዷል። ታሪኩን ከሥሩ ሲከታተሉት ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ ይዘልቃል፤ አደናጋሪውን ቀድሞ የሚያየው የሰዎቹን አኗኗር የሚያውቅ ሰው ነው። ቁጥር ብቻውን ማን ከማን ጋር እንደሚጓዝ አይናገርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመርከብ እስከ ቴምዝ ወንዝ

በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሳልስበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን መረጠ። ስከርቪ ድድን የሚያሳብጥ፣ ጉልበትን የሚከዳ፣ በረጅም የባሕር ጉዞ መርከበኛውን የሚፈጅ በሽታ ነበር። ሊንድ በተቻለው መጠን ሕመማቸው የሚመሳሰለውን ለይቶ በአንድ ቦታ አስተኛቸው፤ አንድ ዓይነት ምግብም አበላቸው። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ ለስድስት ከፈላቸውና ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውሃ፣ ለሌላው ብርቱካንና ሎሚ፣ እንዲህ እያለ ለየጥንዱ የተለየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ፈጥነው አገገሙ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው ሎሚውን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የቀረው መመሳሰሉ ነው፤ መኝታውና ምግቡ አንድ ስለነበሩ ልዩነቱን ሊያመካኙበት የሚችሉት ብዙ አልነበረም። ያም ሆኖ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ በሰፊው ማደል የጀመረው በ1795 ነው።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥያቄው ወደ ለንደን ተሻገረ። ከ1848 እስከ 1849 ከተማዋን ኮሌራ መታት። የሞት መዝገቡን ይመረምር የነበረው ዊልያም ፋር የሟቾቹን ቁጥር ከየሰፈሩ የመሬት ከፍታ ጋር አስተያየ። ከወንዙ ከፍታ ከ20 ጫማ በታች በሆኑት ሰፈሮች ከ10,000 ሰው 102 ሞቷል፤ ከ20 እስከ 40 ጫማ ባሉት 65፣ ከ40 እስከ 60 ባሉት 34። መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሞቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፋር በዘመኑ እንደነበሩት ሊቃውንት በሽታን የሚያመጣው ከቆሻሻ የሚነሣ የከረፋ አየር ነው ብሎ ያምን ነበርና ቁጥሩ እምነቱን አጸናለት። ደጋ ጤና ነው፣ ቆላ ሕመም ነው ሲባል ሰምቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የፋር ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ትርጓሜው ነው የሳተው። ዝቅተኞቹ ሰፈሮች ብዙዎቹ በቴምዝ ዳር ያሉ፣ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበትን የወንዝ ውሃ የሚጠጡ ነበሩ። ከፍታና ውሃ አንድ ላይ ተቀድተው ነበር። ይህን የጠረጠረው ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ነው። እሱ ኮሌራ በመጠጥ ውሃ ይተላለፋል ይል ነበር፤ ግን እንዴት አድርጎ ውሃውን ከከፍታው፣ ከድህነቱና ከመጨናነቁ ይለየዋል?

መልሱን ያገኘው በደቡብ ለንደን ነው። በዚያ ሁለት የውሃ ኩባንያዎች፣ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል አንዱ፣ ላምቤዝ ሌላው፣ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቧንቧ ዘርግተው ነበር። አንዱ ቤት ከዚህኛው፣ ጎረቤቱ ከዚያኛው ይቀዳል። በ1852 ላምቤዝ ውሃ የሚስብበትን ቦታ ከለንደን ፍሳሽ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛወረ፤ ሌላው ባለበት ቀረ። እንዲህ ሆኖ ከ300,000 የሚበልጥ ሰው፣ ሀብታምም ድሃም፣ ሽማግሌም ሕፃንም፣ ሳይመርጥና ሳያውቅ በሁለት ተከፈለ። በ1854 ኮሌራ ሲመለስ ስኖው የሟቾቹን ቤት እያንኳኳ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀ። ብዙ ተከራዮች ክፍያውን የሚፈጽመው ባለቤቱ ስለሆነ የኩባንያውን ስም አያውቁም ነበር። እሱ ግን መላ አላጣም። የታችኛው ወንዝ ውሃ ጨው ስለሚበዛበት፣ ናሙና ወስዶ በኬሚካል ጨውን እየመረመረ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለየ።

በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ከሳውዝዋርክና ቮክስሆል በሚቀዱ 40,046 ቤቶች 1,263 ሰው ሞተ፤ ከላምቤዝ በሚቀዱ 26,107 ቤቶች ደግሞ 98። ለ10,000 ቤት ሲሰላ 315 ለ37 ነው። መንገዱ አንድ፣ ከፍታው አንድ፣ አየሩም አንድ ነው፤ የተለየው ውሃው ብቻ ነው። ስኖው በ1858 ሞተ። ፋር በ1866 ምሥራቅ ለንደንን የመታውን ኮሌራ ሲመረምር የገዛ መዝገቡ ወደ ውሃው መራው፤ የቀድሞ ሐሳቡንም ለወጠ። ከስሌቱ ባላነሰ የማከብረው ይህን የፋርን መመለስ ነው።

ድምር ሲያሳስት

አደናጋሪ በሰው መረጃ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በድምር ሠንጠረዥ ውስጥም ይደበቃል። በ1903 ብሪታንያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አድኒ ዩል የተለያዩ ቡድኖች ሲደባለቁ በአንዱም ቡድን የሌለ ዝምድና ከድምሩ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። በ1951 ኤድዋርድ ሲምፕሰን ጉዳዩን በሰፊው ስለጻፈበት ዛሬ በእሱ ስም «የሲምፕሰን ተቃርኖ» ይባላል።

ምሳሌው የ1910 የአሜሪካ የሳንባ ነቀርሳ መዝገብ ነው። ከ100,000 ሰው በኒው ዮርክ 187፣ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ 226 ሞቱ። ይህን ያነበበ ሪችመንድን ሊሸሽ ይችላል። ነጮቹን ለብቻ ሲያዩ ግን በኒው ዮርክ 179፣ በሪችመንድ 162 ነው። ጥቁሮቹን ለብቻ ሲያዩ በኒው ዮርክ 560፣ በሪችመንድ 332 ነው። በሁለቱም ወገን ሪችመንድ ትሻላለች፤ ሲደመር ግን ትብሳለች። ምክንያቱ በሪችመንድ ከነዋሪው ከሲሶ በላዩ ጥቁሮች ሲሆኑ በኒው ዮርክ ከ100 ሁለት ያህል ብቻ መሆናቸው ነው። በድህነት፣ በተጨናነቀ ቤትና በአድልዎ የተነሣ ነቀርሳው የሚበረታባቸው ሰዎች በአንዱ ከተማ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ነበሩ።

ከዚህ ሁለት የቆዩ መፍትሔዎች ይመነጫሉ። አንዱ ሕዝቡን በዕድሜ፣ በፆታ ወይም በኑሮ ከፋፍሎ እኩያን ከእኩያ ጋር ማስተያየት ነው። ሌላው ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ዓይነት የዕድሜ አወቃቀር ቢኖራቸው ኖሮ ሞታቸው ስንት ይሆን ነበር ብሎ ማመጣጠን ነው። ወጣት የሚበዛባትን አገር ሽማግሌ ከሚበዛባት አገር ጋር በጥሬ የሞት ቁጥር ማወዳደር እንደማይገባ ያስተማረን ይህ ነው። በ1959 ናታን ማንቴልና ዊልያም ሄንዜል በየክፍሉ የተገኘውን ውጤት ወደ አንድ መልስ የሚያጠቃልል ቀመር አወጡ፤ እስከ ዛሬ በተማሪው ሁሉ እጅ አለ።

ዕጣ

ከፋፍሎ የማየት ድካሙ ግልጽ ነው፤ የምንከፍለው ያወቅነውንና የለካነውን ብቻ ነው። ያላሰብነው አደናጋሪስ? መልሱ የመጣው ከእርሻ ማሳ ነው። ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ በእንግሊዝ ሮተምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ማሳው እኩል አለመሆኑን ያውቅ ነበር፤ አንዱ ጥግ ለም፣ ሌላው ጭንጫ ነው። ስለዚህ የትኛው ቁራጭ መሬት የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰን አለ። ዕጣ የታወቀውንም ያልታወቀውንም ልዩነት ለሁለቱ ወገን ያለ አድልዎ ይበትናል።

የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ይህን ለሰው ሕክምና አዋለው፤ ውጤቱም በ1948 ታተመ። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በነደፈው ጥናት 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በታሸገ ፖስታ ዕጣ ተመደቡ፤ 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አዲስ መድኃኒት አገኙ፣ 52ቱ እንደ ልማዱ አልጋ ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሞቱ። ሐኪሙ ይድናል ያለውን ለመድኃኒቱ መርጧል እንዳይባል ምርጫው ከእጁ ወጥቶ ነበር።

የሲጋራው ሙግት

ዕጣ ግን ለሁሉም አይሆንም። ሰውን በዕጣ መድቦ 30 ዓመት አጭስ ማለት አይቻልም። የሲጋራና የሳንባ ካንሰር ሙግት የዚህ ታሪክ አምድ የሆነው ለዚህ ነው።

በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ከሌሎች 709 ሕሙማን ጋር በፆታ፣ በዕድሜና በሆስፒታል አጣምደው የሲጋራ ልማዳቸውን ጠየቁ። ዶል ሲጀምር የጠረጠረው የአስፋልቱን ሬንጅ ነበር። ከ649ኙ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው ወንዶች መካከል አጭሰው የማያውቁት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። ዶል ሥራው ሳያልቅ የራሱን ሲጋራ ጣለ። በ1951 ደግሞ ሁለቱ ለእንግሊዝ ሐኪሞች መጠይቅ ልከው የመለሱላቸውን መከታተል ጀመሩ፤ ክትትሉ 50 ዓመት ዘልቆ በ2004 ሲጋራ ያላቆሙ ሰዎች ከማያጨሱት 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ።

ተቃውሞው የመጣው ከትልቅ ሰው ነው፤ የዕጣን ጥበብ ካስተማረው ከራሱ ከፊሸር። ምናልባት፣ አለ፣ ሰውን ለማጨስ የሚያነሣሣ የዘር ባሕርይ ይኖራል፤ ያው ባሕርይ ካንሰርንም ያመጣል፤ ሲጋራው በመሐል ያለ ንጹሕ ነው። ፊሸር በዚያን ጊዜ የትምባሆ አምራቾች ማኅበር አማካሪ ነበር። ሆኖም ጥያቄው በማንም ቢነሣ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

የመለሱት በ1959 ጀሮም ኮርንፊልድና አምስት ባልደረቦቹ ናቸው። አካሄዳቸው ቀላልና ጠንካራ ነበር። አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ዘጠኝ እጥፍ ነው እንበል። ይህን ሁሉ የሚያስረዳው አንድ የተደበቀ ባሕርይ ብቻ ከሆነ፣ ባሕርይው በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ተደብቆ ሊቀር አይችልም፤ የት አለ? ማንም አላሳየም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ መርህ ተወለደ። «አደናጋሪ ሊኖር ይችላል» ማለት ብቻውን መከራከሪያ አይሆንም፤ ባዩ የአደናጋሪውን ስምና ክብደት ማቅረብ አለበት። ታይለር ቫንደርዊልና ፔንግ ዲንግ በ2017 ያወጡት መለኪያም አንድን ውጤት ለመሻር አደናጋሪው ምን ያህል መበርታት እንዳለበት የሚያሰላ ሆኖ የኮርንፊልድን ሐሳብ ይቀጥላል። የትምባሆ ነጋዴዎች ጥርጣሬን ጋሻ አድርገው ለዓመታት ከኋላው ሲደበቁ ብዙ ሰው ሞቷል። ያልተመዘነ ጥርጣሬም ይገድላል።

የጤነኞች ጤና

ከ1960ዎቹ ወዲህ ኮምፒውተር መጣ፤ ብዙ ምክንያቶችን በአንድ ስሌት ማጥራት ቀለለ። ከቅለቱ ጋር ግን መዘናጋትም መጣ። ዕድሜንና ሲጋራን ስሌቱ ውስጥ ያስገባ ሁሉ አደናጋሪውን ያባረረ መሰለው።

አትክልት የሚያዘወትሩ፣ በደማቸው ቤታ ካሮቲን የበዛላቸው ሰዎች በካንሰር የሚያዙት ጥቂት መሆኑን ብዙ ጥናቶች አይተው ነበር። ታዲያ ንጥረ ነገሩን በኪኒን ብንሰጥስ? በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተመደቡ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ኪኒኑን ከወሰዱት መካከል የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮት የሚበላ ሰው አብሮት ሌላም ብዙ ነገር ይዞ ይጓዛል፤ ኪኒኑ ያንን ሁሉ ሊሸከም አልቻለም።

ያረጡ ሴቶች የሚወስዱት ሆርሞን ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነበር። በአሜሪካ በነርሶች ላይ የተደረገው ታላቅ ክትትል ሆርሞን በሚወስዱት ዘንድ የልብ ሕመም በግማሽ ሊቀንስ እንደቀረበ አሳየ። ሐኪሞችም ለልብ ይጠቅማል እያሉ ያዝዙት ጀመር። 16,608 ሴቶች በዕጣ የተመደቡበት ጥናት ግን በ2002 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ የልብ ሕመም በ29 በመቶ፣ የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨምሮ ነበር። ኋላ ሲመረመር ሴቶቹ ሆርሞኑን የጀመሩበት ዕድሜና ክትትሉ ከየት እንደተነሣ ለልዩነቱ ድርሻ እንዳላቸው ታየ። የቀረው ትምህርት ግን ጸንቷል። መድኃኒት ጠይቃ የምትወስድ ሴት ብዙ ጊዜ የተሻለ ገቢና ትምህርት ያላት፣ ሐኪም ዘንድ የምትመላለስ፣ ለራሷ የምትጠነቀቅ ናት። ስሌቱ ይህን ሁሉ ቆጥሮ አይጨርስም።

አደናጋሪን ማጥመድ

ከዚህ ድንጋጤ በኋላ የመጡት ዘዴዎች አደናጋሪውን ማጥራት ብቻ ሳይሆን መኖሩን ማጋለጥ ጀመሩ። በጣም የምወደው በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የጉንፋን ወረርሽኝ ክትባት ሲወስዱ ሞታቸው በእጅጉ እንደሚቀንስ ይነገር ነበር። ተመራማሪዎቹ ብልህ ጥያቄ ጠየቁ፤ ወረርሽኙ ገና ሳይገባስ? ክትባቱ ሊሠራበት በማይችልበት በዚያ ጊዜ የተከተቡት ሞት ይበልጡን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ ያለው ከመነሻው ነበር፤ በጣም የደከመ ሽማግሌ ክትባት ወደሚሰጥበት ቦታ አይሄድም። ይህ ክትባቱ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የታየው ጥቅም ላይ የጤነኞች ጤና ተደርቦበት ነበር ማለት ነው።

ሌላው ዘዴ ተፈጥሮ የጣለችውን ዕጣ መጠቀም ነው። ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ዘረመል በዕድል የሚደርሰው ስለሆነ ከገቢውና ከልማዱ ጋር እምብዛም አይጣበቅም። ማርቲን ካታን በ1986 የጠቆመውን ይህን ሐሳብ ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም በ2003 አስፋፉት። መጠነኛ አልኮል ልብንና አእምሮን ይጠብቃል የሚለው የቆየ ወሬ በዚህ ወንፊት ተነፍቷል። ከማይጠጡት መካከል ብዙዎች ታመው ያቆሙ በመሆናቸው የሚጠጡት ጤነኛ ይመስሉ ነበር። በቻይና በተካሄደ፣ በ2019 በታተመ ታላቅ ጥናት፣ አልኮልን እንደ ልብ የማያስጠጣ ዘረመል የወረሱት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የስትሮክ አደጋ ከመጠጡ ጋር አብሮ እየጨመረ ሄደ፤ የጥበቃው ምልክት አልታየም።

ማጥራትም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በ1971 ያዕቆብ ዬሩሻልሚ አንድ እንቆቅልሽ አወጣ፤ ክብደታቸው አነስተኛ ሆነው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ከማያጨሱት ልጆች ያነሰ ይሞታሉ። ሲጋራ ሕፃንን ይጠብቃል ማለት ነው? አይደለም። ሕፃን በሲጋራም፣ ከዚያ በከፋ የተፈጥሮ ጉድለትም ከስቶ ሊወለድ ይችላል። ያለ ሲጋራ የከሳው ብዙ ጊዜ የከፋው ምክንያት ያለበት ነው። ክብደቱን ለይተን ስናወዳድር አዲስ ድንግርግር ፈጠርን። ሳንደር ግሪንላንድ፣ ጁዲያ ፐርልና ጄምስ ሮቢንስ በ1999 ለኤፒዲሚዮሎጂ ያስተዋወቁት የቀስት ሥዕል የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከስሌት በፊት ምን ወደ ምን እንደሚያመራ በወረቀት መሣል፣ ከዚያ የትኛውን ማጥራት፣ የትኛውን አለመንካት እንደሚገባ መወሰን ነው። ሥዕሉን የሚሥለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ረከቦቱና ወደ ማሳው

ይህ ሁሉ ከእኛ ጓዳ የራቀ አይደለም። በ1991 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቡናን ለፊኛ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል በሚል ምድብ አስገባው። በ2016 ከ1,000 የሚበልጡ ጥናቶችን መርምሮ ከዚያ ምድብ አወጣው። አንዱ ምክንያት የሲጋራው ነገር ነበር፤ ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ብዙ ያጨሱም ነበርና የጥንቶቹ ጥናቶች ጭሱን ከቡናው በሚገባ አልለዩትም። ለ25 ዓመታት ስኒው የሲጋራውን ዕዳ ተሸክሞ ነበር።

እሸቱም እንዲሁ ነጻ ወጣ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ታሪኩ ግን ከዚያ ይበልጣል። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች የበቆሎ አበባ ብናኝ በኩሬ ላይ ሲወድቅ የወባ ትንኝ እጮች እንደሚመገቡትና ፈጥነው እንደሚያድጉ አሳዩ። በ2005 የታተመው በጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች ወባ እጅግ በዝቶ አገኘ። አያቶቻችን እሸት መብላቱን ሲከሱ ተሳስተው ነበር፤ በበቆሎና በወባ መካከል አንድ ነገር አለ ሲሉ ግን ባዶ አልተናገሩም። እዚህም ላይ ቢሆን ጥያቄው አይቆምም፤ በቆሎ የሚበዛበት ቦታ ሌላ ምን ይበዛበታል? ሙቀቱ? ውሃው? ቤቶቹ ለማሳው ያላቸው ቅርበት?

ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ምግብ ያድናል፣ ያ መድኃኒት ይገድላል የሚል ዜና በየቀኑ ይደርሰናል። ያዩትን ሰዎች ሳንንቅ፣ ያሉትንም ሳንቀበል እንጠይቅ፤ ዝናቡን የሚያስታውሰው ያንን ማሳ የሚያውቅ ሰው ነውና ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን፣ አብሮት የመጣው ማን ነው? እንበል።